ለአንጁሎ መንገድ የተዋጣው ቤንዚን

ጎሳዬ እንደሚለው፣ ቤንዚኑ ውስጥ ናፍጣ የጨመረችው ብርነሽ ናት። ወፍጮ ያላት እሷ ናት፤ ወፍጮ የሚጠጣው ናፍጣ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ብርነሽ እንደምትለው ደግሞ የጨመረው ጎሳዬ ነው። የእሷ ወፍጮ ከቆመ ሰንብቷል፤ ጠብታ ናፍጣ ቢኖራት ሰዉ በቆሎውን ተሸክሞ መጥቶ ተሸክሞ አይመለስም ነበር። ከማደያው ጀርባ ቤንዚንም ናፍጣም በውሃ ፕላስቲክ እየሞላ የሚቸረችረው ጎሳዬ መሆኑን ግን ጂንካ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንዱን ፕላስቲክ በአንዱ ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ሁለቱ ይህን የሚባባሉት ከአንጁሎ የሬሳ ሳጥን ግራና ቀኝ ቆመው ነው። ሳጥኑ በጅሩ አሮጌ ፒካፕ ላይ ተጭኖ፣ በገመድ ታስሮ፣ በሸራ ተሸፍኗል። ለመነሳት የቀረው ቤንዚኑን ታንከሩ ውስጥ መገልበጥ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ጅሩ ግን ከመገልበጡ በፊት ጣቱን በጀሪካኑ አፍ ነክሮ የእጁን ጀርባ ቀባ። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እፍ እያለበት ጠበቀ።

“ቤንዚን ቢሆን እስካሁን ደርቆ ነበር” አለ፣ እጁን ለሰዉ እያሳየ። “እዩት፤ ቅባት ነው።”

“ትንሽ ናት እኮ። ከነጭሱ አይሄድም?” አለ አንድ ሰው ከኋላ።

“ሜዳውን ይሄዳል። የባስኬቶን ዳገት ግን አያወጣኝም። ሬሳ ጭኜ ጫካ መሃል ብቆም ማንን ልጥራ? ዝንጀሮ?”

ማንም አልሳቀም። ጅሩም ለማሳቅ ያለው አልነበረም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም እዮብ ከፒካፑ ኋላ ቆሟል። እጁ ላይ መዶሻ አለ። ሳጥኑን መትቶ ከጨረሰ በኋላ መዶሻውን ለምን እንዳላስቀመጠው አያውቅም። ጭቅጭቁን ይሰማል፤ ቃላቱም ይገቡታል፤ ሆኖም ጎረቤት ቤት የሚወራ ወሬ በግድግዳ በኩል የሚሰማ ያህል ነው። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም ነገር እንደዚህ ነው።

ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ጂንካ ድምፅዋ ቀንሷል። ሞተረኞቹ ሞተሮቻቸውን በአንድ ረጅም ገመድ አያይዘው ከማደያው ጀምሮ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ያሰልፋሉ። ገመዱ ማንም ሾልኮ እንዳይገባ ነው። እነሱ ከዛፍ ሥር ካርታ እየተጫወቱ ይውላሉ። ሰፈር ውስጥ ከቆሙት ባጃጆች በአንዷ የኋላ ወንበር ላይ ዶሮ ገብታ ታቅፋለች፤ ባለቤቱም “ቢያንስ አንድ ሰው ይሥራባት” ብሎ አላስነሳትም። ወደ ኮልቾና ወደ ዱስ መንደሮች ቱሪስት ያመላልሱ የነበሩት መኪኖች ጎማ ሥር ሣር በቅሏል። ቦቴው አርባ ምንጭ ደርሷል ይባላል፤ በማግስቱም አርባ ምንጭ ደርሷል ይባላል።

“ይሄ ቦቴ አርባ ምንጭ ላይ ሚስት አግብቷል” ይል ነበር አንጁሎ።

አንጁሎ አናጢ ነበር። ከቦዲቲ አንድ መጋዝ ይዞ መጥቶ፣ በር፣ መስኮትና አልጋ እየሠራ፣ ጣሪያ እየመታ ጂንካ ላይ ቤት መሠረተ። የአገሬውን የአሪ ልጅ አስካልን አገባ። እዮብ ትምህርቱን ሲጨርስ ጠርቶ አጠገቡ አቆመው። ካኮ ላይ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ጣሪያ የመምታት ሥራ ሲገኝ መኪና ስላልነበረ መሣሪያውን በአህያ አስጭኖ በእግሩ ነው የሄደው። እዮብ ጂንካ የተጀመረ አልጋ ለመጨረስ ቀረ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ማሽላ ጭኖ በዚያ በኩል ያለፈ አንድ አይሱዙ አንጁሎን ከማሽላው ጆንያ ላይ አስተኝቶ አመጣው። ከጣሪያው ወድቆ ነበር። ሾፌሩ ለጭነቱ ክፍያ አልጠየቀም፤ “ነፍስ ይማር” ብሎ ሄደ።

እዮብ አባቱ ጋ ደወለ። አባቱ በወላይትኛ ረጋ ብሎ ተናገረ።

“ከእናቱ አጠገብ ቦታ አለ። አሁኑኑ አስቆፍራለሁ። ይዘኸው ና።”

“አባ፣ ነዳጅ የለም።”

“እዚህም የለም። ሰው ግን ይቀበራል። አንተን እዚያ የላክሁህ ለዚህ ቀን አይደለም? እሱን ሳትይዝ ቦዲቲ እንዳትመጣ።”

ይህን ሲል አልጮኸም። እዮብም ስልኩን ዘግቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ምንም አልተሰማውም። የወንድሙን ስም በልቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠራው። ሲያጣጥመው ውሃ ነው።

ከቦዲቲና ከአካባቢው መጥተው ጂንካ የሚኖሩት ሠራተኞች የጸሎት ኅብረት አላቸው። ሰው ሲሞትባቸው አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚሸኙት በኅብረት ነው። የሚያዋጡበትም የራሳቸው አሠራር አላቸው። አንድ የጨርቅ ከረጢት ይዞራል፤ እያንዳንዱ የጨበጠውን እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ባዶውን ያወጣል። ምን ያህል እንደጣለ ማንም አያይም። የሌለውም ጨብጦ ያስገባል፤ ዘርግቶ ያወጣል። ማን ሰጠ፣ ማን አልሰጠም ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

በዚህ ሳምንት ግን ከረጢቱን ሙሉ ብር ቢያደርጉትም የሚገዛ ቤንዚን አልነበረም። ቤንዚን ያለው በየሰዉ ሞተር ውስጥ ነው፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የቀረች፣ ሲያወዛውዟት ብቻ የምትሰማ። የኅብረቱ ወንጌላዊ ኤልያብ ዛሬ ማለዳ አንድ ባዶ ጀሪካን ከነማንቆርቆሪያው ከአንጁሎ ሱቅ ጀርባ፣ ጣውላ ከሚቆለልበት ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አስቀመጠ።

“እንደ ከረጢቱ ነው” አለ። “አንድ በአንድ እየገባችሁ ገልብጡ። የሌለው ገብቶ ጸልዮ ይውጣ።”

ሰው ከሞተሩ በጎማ እየሳበ፣ ፕላስቲኩን በጋዜጣ ወይም በጃኬቱ ጠቅልሎ ይገባ ጀመር። ጎሳዬ ገባ። ብርነሽ፣ የኅብረቱ አባል ባትሆንም፣ “ጎረቤቴ ነው፤ የወፍጮ ቤቴን በር የሠራው እሱ ነው” ብላ ነጠላዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይዛ ገባች። ሴቶችም ገቡ። ምንም እንደሌላቸው በእርግጥ የሚታወቁ ሰዎችም ገብተው ጥቂት ቆይተው ወጡ።

በዚያን ሰዓት እዮብ ሱቁ ውስጥ ሳጥን ይሠራ ነበር። ጣውላው የአንዲት መምህር አልጋ ሊሆን የተላገ ነው። የወንድሙን ቁመት ለመለካት ወደ ሬሳው መሄድ አልቻለም። ሱቁ ውስጥ ግን አንጁሎ ቀን ቀን ምሳ ከበላ በኋላ የሚጋደምበት አግዳሚ አለ፤ ራሱ ለራሱ ልክ የሠራው። እዮብ ሜትሩን አግዳሚው ላይ ዘረጋና በእሱ ልክ ቆረጠ። አንደኛው ጣውላ ላይ አንጁሎ በእርሳስ ያሰመረው መስመር ነበር፤ ለአልጋው ራስጌ። እዮብ መላጊያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። መስመሩ ወደ ውስጥ እንዲዞር አድርጎ መታው።

አስካል አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሱቁ መጥታለች። ሕፃኑን አዝላ በር ላይ ቆመች።

“ለእኔ ቦታ አለ?” አለች።

“የት?”

“መኪናው ላይ።”

ጋቢናው የሚይዘው ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው ነው፤ እሱም እዮብ ነው። ከኋላ ሳጥኑን የሚይዙ ሦስት ወንዶች ይወጣሉ። ከዚያ በላይ ጅሩ አይጭንም፤ ክብደት በጨመረ ቁጥር ቤንዚን ይበላል። እዮብ ይህን ሁሉ ያውቃል።

“ጅሩን እጠይቀዋለሁ” አላት።

አልጠየቀውም።

አሁን ሁሉም ነገር ተጭኖ፣ ሁሉም ሰው ቆሞ፣ ጀሪካኑ መሃል ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

“እኔ ከሞተሬ ነው የቀዳሁት!” አለ ጎሳዬ። “ሞተሬ ናፍጣ ይጠጣል እንዴ? እሷ ብቻ ናት ናፍጣ የምታውቀው።”

“እኔ የሰጠሁት ከልጄ ሞተር ነው” አለች ብርነሽ። “ትናንት ራስህ ሸጠህለት የለ። ያ ከሆነ የተበላሸው፣ አሁንም አንተው ነህ።”

“እትዬ ብርነሽ፣ የምሸጠውና የምሰጠው አንድ አይደለም።”

“አይደለም አዎ። የምትሸጠው ውስጥ ውሃ አለ፤ የምትሰጠው ውስጥ ናፍጣ።”

ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ጎሳዬ ዞር ብሎ ፈለገው፤ አላገኘውም። ፊቱ ተለዋውጧል። ነገ ከማደያው ጀርባ ሲቆም ሰው ምን እንደሚለው ከአሁኑ ይሰማዋል። ብርነሽም ብትሆን ነጠላዋን ደጋግማ ትስባለች፤ ወፍጮዋ ሲነሳ ማን እህሉን ይዞ እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር የምታስብ ይመስላል። ሁለቱም የተቀየሙት ከልባቸው ነው። ሁለቱም አይዋሹም ይሆናል።

ወንጌላዊ ኤልያብ መሃላቸው ገባ።

“በቃ። ሬሳው ፊት አይሆንም። እንደገና እንሰብስብ። ግን” ብሎ ቆም አለ፤ ቀጥሎ የሚለው ለእሱም ከብዶታል። “ግን አሁን በግልጽ ይሁን። እያንዳንዱ በጅሩ ፊት ያምጣ። ጅሩ እያሸተተ ይቀበል። ማን ምን እንዳመጣ ይታይ።”

“እሱማ ይሻላል” አለ ጅሩ። “ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳውላን ካለፍኩ እኔ ችግር የለብኝም።”

“ቦቴው እኮ አርባ ምንጭ ደርሷል ይባላል” አለ ሌላ ሰው። “እስከ ነገ ብንጠብቅ?”

“ሬሳው አይጠብቅም፣ ወንድሜ” አለ ኤልያብ።

እዮብ ፊታቸውን በተራ አየ። መሬት የሚያዩ አሉ። ሞተሩን ተደግፎ የቆመ አንድ ግንበኛ መሪውን ቀስ ብሎ አዞረና፣ ለጥላ የሚሄድ መስሎ እየገፋ ከአጥሩ ጥግ ተሰወረ። ሞተሩ ሲገፋ ምንም ውስጡ እንደሌለ ያስታውቃል። ሌላው የጫማውን ማሰሪያ ለማጥበቅ አጎነበሰ፤ ጫማው ግን ሸበጥ ነው።

“ያለኝን አውጥቻለሁ” አለ ጎሳዬ፣ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሎ። “ካላችሁ ግን ፈልጌ አመጣለሁ። በአደባባይ አመጣለሁ። ማን ንጹህ እንደሆነ ይታያል።”

“ለአስካል ልንገራት” አለ እዮብ። ለምን እንደሆነ ባያውቅም ከዚያ መሄድ ፈለገ። “መዘግየታችንን።”

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ናት። በውጨኛው ክፍል ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠው በአሪኛ ይዘምራሉ፤ የሚወዛወዙት በአንድነት ስለሆነ መሬቱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የውጩን ጭቅጭቅ አልሰሙም። እዮብ ጎንበስ እያለ አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። አስካል ሕፃኑን እያጠባች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣ የለም፤ የተጠቀለለ ጋቢና የሕፃን ልብስ የያዘች ፌስታል ግን አጠገቧ ናት። ለጉዞ ተዘጋጅታለች።

መስኮቱ በልብስ ስለተሸፈነ ክፍሉ ጨልሟል። እዮብ እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ኩራዙን አነሳ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያበሩት ኩራዝ ነው፤ ላምባ ከጠፋ ወዲህ ከጎሳዬ ናፍጣ እየገዙ ይሞሉታል። ቀለለው። ክሩ ተመዝዞ ከቆርቆሮ ክዳኑ አጠገብ እንደ ሞተ ትል ተኝቷል። ውስጡ ተራግፎ፣ በጨርቅ ተወልውሏል።

ኩራዙን እንደያዘ ቆመ።

“ሁሉም ሲገባ እኔም ገባሁ” አለች አስካል ቀና ሳትል። “ሚስቱ ሆኜ ባዶ እጄን ልግባ?”

“መቼ?”

“አንተ ስትመታ። መዶሻህ ይሰማኝ ነበር።” የሕፃኑን ጭንቅላት አስተካከለች። “ያለን ይሄ ነበር። ነዳጅ ነው አይደል?”

እዮብ ኩራዙን ወደ ቦታው መለሰው። መዶሻውን ሳያስበው ክንዱ ሥር ይዞ ክሩን ውስጡ አስገባው፤ ክዳኑንም ገጠመ። እጁ በሥራ ላይ እያለ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። ይህች ሴት ባሏ የሚሄድበትን አገር አታውቀውም። ሠርጋቸውን ጂንካ ላይ ሲያደርጉ አባቱ አልመጣም ነበር፤ እሷም ቦዲቲን በአንጁሎ ወሬ ካልሆነ አታውቃትም። አሁን ቤቷ ያለውን ብርሃን ሁሉ አራግፋ እሱን ወደዚያ ልትሸኝበት አዋጣች። ለራሷ ቦታ የሌላት ጉዞ ነው። ዱቄትና ሬሳ የለመደው ፒካፕ ቢንቀሳቀስ ኖሮ፣ እሷ በር ላይ ቆማ አቧራውን ታይ ነበር።

“ነዳጅ ነው” አላት።

“ቦታ አገኘህልኝ?”

የሴቶቹ መዝሙር አንድ ስንኝ ጨርሶ ሌላውን ጀመረ። አንጁሎ ይህን መዝሙር ያውቀው ነበር፤ አሪኛን ከነቀልዱ ነው የሚናገረው፤ ሚስቱ ስትቆጣ በአሪኛ እየመለሰ ያስቃታል። ቦዲቲ ላይ ማን ያውቅለታል ይህን? እዮብ ይህን ሲያስብ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ነካ አድርጎት ተመለሰ፤ እንባ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም።

“እስኪ ልውጣ” አላት። “አንቺም ተከተይኝ።”

ሲወጣ ኤልያብ ሰዉን በሰልፍ ሊያቆም ይሞክር ነበር። ጅሩ በሌላ ጀሪካን ፊት ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። በሰልፉ ውስጥ የቆሙት ጥቂት ናቸው፤ ጎሳዬ ፊተኛው ነው፤ ባዶ ፕላስቲክ ይዟል፤ ሊለምንበት ይሁን ሊገዛበት አይታወቅም። ብርነሽ ከሰልፉ ውጭ ቆማ ታየዋለች። ሌሎቹ ከሰልፉ ርቀው፣ ከሬሳውም ርቀው፣ የት መቆም እንዳለባቸው ሳያውቁ ተበታትነዋል።

እዮብ ወደ ጎሳዬ ሄደ። ብርነሽንም በእጁ ጠራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

“ተዉት። ከእኛ ቤት ነው የወጣው።”

“ምኑ?” አለ ጎሳዬ።

“ናፍጣው። ከእናንተ ከሁለታችሁም አይደለም። ከእኛው ቤት ነው።”

ጎሳዬ አፉን ከፈተ። ማን ብሎ ሊጠይቅ ነበር፤ የኅብረቱ ሰው ነውና አልጠየቀም። ብርነሽ እዮብን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ከትከሻው በላይ አለፈ። አስካል ሕፃኑን አዝላ፣ ፌስታሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብርነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎሳዬ እጅ ባዶውን ፕላስቲክ ወሰደችና ብብቷ ሥር አደረገችው።

“ይሁን” አለች። “እኔም አፌ አላረፈም። ይቅር በለኝ ጎሳዬ።”

“አይ፣ እኔም…” አለ ጎሳዬ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

የእዮብ ስልክ ጠራ። አባቱ ነው። እዮብ መዶሻውን ገና እንደያዘ ያወቀው ስልኩን ለማውጣት እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ነው። መዶሻውን ፒካፑ ላይ፣ ከሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠው።

“ተነሳችሁ?” አለ አባቱ። ከኋላው ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

“አልተነሳንም፣ አባ።”

“ምን ትጠብቃላችሁ? ጉድጓዱ አልቋል እኮ። ሰው ከየቦታው መጥቷል።”

እዮብ በሩ ላይ የቆመችውን አየ። ከጥዋት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። ሰዉም እሱን ያያል፤ ሰልፉ ሳይፈርስም ሳይረዝምም እዚያው ቆሟል። አባቱ አማርኛ ይሰማል፤ እዮብ የመለሰለት በአማርኛ ነው፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

“አባ፣ እሱን ሳልይዝ እንዳልመጣ እንደነገርከኝ፣ እኔም ቦዲቲ አልመጣም። አንጁሎ እዚሁ ጂንካ ይቀበራል፤ ሚስቱ ሄዳ የምታየው ቦታ።”